ርካሹ መንገድ

ሐሙስ ጥር አሥራ ሰባት ቀን መጠናቀቅ የነበረበት አንድ የገንዘብ ዝውውር እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም። ገንዘቡ አልጠፋም። ከየት እንደተነሣ፣ የት እንደደረሰ፣ ወዴት ሊሄድ እንደነበር፣ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ገብቶ ሊያየው ይችላል። ብሎክቼይን የሚሉት ነገር ጠባዩ እንዲህ ነው፤ የሁሉንም ሰው ጉዳይ ለሁሉም ሰው ዓይን ከፍቶ ያስቀምጣል። የመጠበቂያው ጊዜ አልፏል፤ ይህ ገንዘብ አይገባውም ብሎ የተቃወመ የለም። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ግን የሚጫነው ሰው ከተቀበረ ማግስቱ ነበር።

ሰውየው ስልክ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር፣ በደረጃውና በግድግዳው መካከል የተወሸቀች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በመስታወቱ ጠረጴዛ ውስጥ የተሰነጠቁ ስክሪኖች፣ ያበጡ ባትሪዎችና ባለቤቶቻቸው እንደወጡ የቀሩ ስልኮች ተደርድረዋል። ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ብሎኖቹን ማግኔት ላይ ለጥፎ፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል። ታላቅ እህቱ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው መዝገብ አያያዝ ነው፤ አንድ ወረቀት ከቦታው ከተዛነፈ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሁለቱም ትዳር አልያዙም፤ ከሱቁ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረው ይኖሩ ነበር። ሊያበሽቃት ሲፈልግ «እህቴ የሞቱ ሰዎች ወረቀት ትደረድራለች፤ እኔ ደግሞ የሞቱ ስልኮች። ልዩነታችን የኔዎቹ አንዳንዴ ይነሣሉ» ይላት ነበር።

የሰፈሩ ሰው ግን ጠጋኝ ብሎ አይጠራውም። «ጠቅላዩ አለ?» ነው የሚለው። ሹመቱን የሰጠችው አጠገቡ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስልኩ ሥራ ጎን ለጎን የያዘውን ሁለተኛ ሥራ አይታ።

ሁለተኛው ሥራ ይህ ነበር። በውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያለው ሁሉ ገንዘብ የሚላክለት በዲጂታል ዶላር ሆኗል። ዶላሩ የሚመጣው ሌየር ቱ በሚሉት፣ በዋናው መረብ ላይ በተደረበው ሁለተኛ መረብ ነው፤ ክፍያው ቀላል ስለሆነ። ተቀባዩ ዶላሩን ወደ ጠጋኙ ስልክ ያስተላልፋል፤ ጠጋኙ ከብረት ሳጥኑ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ እዚያው ይሰጠዋል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መሀል ከተማ ያለው ትልቁ መንዛሪ ዶላር የሚገዛው በዋናው መረብ ላይ ብቻ ነው። ከሁለተኛው ወደ ዋናው ማውረድ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ጠጋኙ የአንዱን ሰው ዶላር ለብቻው አያወርድም። ያጠራቅማል፤ የብዙ ሰው ሲሆን በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ ያወርዳል፤ የማውረጃው ክፍያ ለሁሉም ሲካፈል ለያንዳንዱ ከቁም ነገር የማይገባ ይሆናል። ያቺን ከቁም ነገር የማትገባ ነገር ደግሞ ሲያሰላ ፊቱ ይፈካ ነበር። ቁማር የበላ ሰው እንኳ እንደዚያ አይፈካም።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ገባች።

«አንተ፣ ባለፈው ወር ስልኬ ለዶላር ማስተላለፊያ ብሎ የወሰደብኝ ምኗም አልነበረች። ዛሬ ምን ሆኖ ነው ይሄ ሁሉ? እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ ነህ የበላኸው።»

«እኔ ብበላ እንዲህ እከሳለሁ?»

«ክሳትህስ ከስስትህ ነው። አስረዳኝ።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ። «እሺ። አንቺ ሸሚዝ ሰፍተሽ መሀል ከተማ ላለው ባለሱቅ ታስረክቢያለሽ። አንድ ሸሚዝ በሰፋሽ ቁጥር ለብቻው በታክሲ ብትልኪ ምን ይተርፍሻል?»

«ዕብደት ይተርፈኛል።»

«ዋናው መረብ ላይ እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻ ማስመዝገብ እንደዚያ ነው። ሁለተኛው መረብ የሺህ ሰው ሸሚዝ ይሰበስባል፤ አጣጥፎ፣ ጨፍልቆ አንድ ጥቅል ያደርግና ጥቅሉን በአንድ ታክሲ ይልካል። አንቺ የምትከፍዪው ሁለት ነገር ነው። ለአጣጣፊው ትንሽ፣ ለታክሲው ደግሞ ድርሻሽን።»

«እና አጣጣፊው ጠገበ?»

«አጣጣፊውማ እንደ ወትሮው ነው። ታክሲው ነው የተወደደው። ዋናው መረብ ላይ ቦታ ጠባብ ነው፤ ዛሬ ግርግር አለ፤ ሁሉም እኔ ልቅደም እያለ ዋጋ ይጨምራል። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ድርሻሽ ግን አብሮ ወጣ።»

«ሌላው ሲጋፋ የኔን ኪስ ምን አገባው?»

«ጥቅልሽ በዚያው መንገድ ነዋ የሚያልፈው። ግርግሩ እስኪበርድ ብትጠብቂ ይቀንሳል።»

«የልጄ ትምህርት ቤትስ ይጠብቃል? ዛሬ ካልከፈልኩ ነገ በር ላይ ያቆሙታል።»

ይህን ስትለው ሳጥኑን ከፍቶ ጥሬ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጣት። «ዶላርሽን ሲረክስ ትልኪልኛለሽ» አላት። እንዲህ ነበር የሚሠራው። የሰው ጥድፊያ በራሱ ሳጥን ያልፋል፤ መጠበቁን እሱ ይወስደዋል። ሌላው ሰው ቸኩሎ ገንዘብ ሲያፈስ ማየት አንጀቱ አይችልም።

ዶላር ይዞ መንቀሳቀስ ያቃተው ሰውም ይመጣበታል። «ይኸው ሙሉ ዶላር አለኝ እኮ፤ ለምን አልሄድ አለኝ?» ይለዋል አንዱ ዘበኛ ወይም አንዷ አረጋዊት። «ዶላሩ ዕቃው ነው አባቴ፤ መንገዱ በዶላር አይከፈልም፤ የራሱ ሳንቲም አለው» ብሎ ከራሱ ላይ የዚያን ሳንቲም ጠብታ ያህል ይልክላቸውና ነገሩ ይንቀሳቀሳል። ያን ጠብታ መልሱልኝ ብሎ አያውቅም። ሰው የማያውቀውን ክፍያ ሲከፍል ብቻ ነው ፊቱ የሚጠቁረው።

ልቡ መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ እሱም በትክክል አያውቅም። እህቱ የምታውቀው ደረጃውን ሲወጣ በየመታጠፊያው ቆሞ ስልኩን ማየት ማብዛቱን ነው። ከታች ሆና «ማን ጻፈልህ?» ስትለው «ጠላቶቼ» ይላል፤ ትንፋሹን እስኪሰበስብ። እግሩ ማበጥ ሲጀምር ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የልቡ አንዱ ክዳን ጠቧል ተባለ። ሐኪሙ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ነገር አያጋንኑም። «በመድኃኒት የሚድን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። መቀየር አለበት። ውሎ የሚያድር ጉዳይ አይደለም» አሉት። ቀዶ ጥገናው ለሰኞ ጥር አሥራ አራት ተቀጠረ። ሆስፒታሉ ሙሉ ክፍያውን ቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ካልተቀበለ አያስተኛም።

ውጭ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ይህን ሲሰማ ሥራ የሚመላለስበትን አሮጌ መኪና ሸጠ። ጥር ዘጠኝ ቀን ደወለ።

«ጋሼ፣ ልኬልሃለሁ። በሁለተኛው መረብ ነው፤ አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ። ክፍያው ሻይ እንኳ አይገዛም።»

«ደርሶኛል። አንተስ በምን ልትሄድ ነው ሥራ?»

«እግር አለኝ። እሱን ተወውና በቶሎ አውርደው። አሻጋሪዎቹ በደቂቃ ያደርሱታል።»

አሻጋሪ የሚሏቸው በሁለቱም መረብ ላይ ገንዘብ ያስቀመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ዶላርህን በሁለተኛው መረብ ላይ ይቀበሉህና የራሳቸውን ዶላር በዋናው ላይ ወዲያው ይሰጡሃል። ያንተን ወርዶ እስኪደርስ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ለመጠበቃቸው ደግሞ ከገንዘቡ ልክ በመቶኛ ይቆርጣሉ። በዚያ ሳምንት ቸኳዩ በዝቶ መቁረጣቸው ከወትሮው አሻቅቦ ነበር።

«ስንት እንደሚቆርጡ አይተሃል?» አለው ጠጋኙ። «የመኪናህን አንድ በርና የኋላ ወንበሩን ለእነሱ ልስጥ? በዋናው መንገድ አወርደዋለሁ። እሱ በመቶኛ አያውቅም፤ ትንሽም ብታወርድ ብዙም ብታወርድ አንድ ነው።»

«እሱ እኮ ሰባት ቀን ነው።»

«ሰባት ቀን ነው።»

«ጋሼ፣ ሰባት ቀን አለህ?»

«ምነው፣ አንተ ከዚያ ሆነህ ቀኔን ትቆጥራለህ?» ብሎ ሳቀ። ወንድሙ አልሳቀም።

ሰባቱ ቀን ያለ ምክንያት የተቀመጡ አይደሉም። ሁለተኛው መረብ ጥቅሉን ወደ ዋናው ሲያደርስ ዋናው መረብ ጥቅሉን ፈትቶ ሸሚዝ በሸሚዝ አይቆጥርም፤ አምኖ ይቀበላል። ግን ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ብሎ ሳምንት ይጠብቃል። ውሸት ያየ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ማስረጃውን ያመጣል። ማንም ካልመጣ ባለቤቱ ተመልሶ አንዴ ይጫናል፤ በዋናው መረብ ላይ የመጨረሻዋን ክፍያ ይከፍልና ገንዘቡን ይወስዳል። ርካሽ የሆነው ይህ መጠበቅ ስላለበት ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከብረት ሳጥኑ አውጥቶ ለሆስፒታሉ ይከፍልና ዶላሩ በቀስታ እስኪወርድ ይጠብቅ ነበር፤ ለሰው ሁሉ እንደሚያደርገው። ሳጥኑ ግን ባዶ ነው። የሁለተኛው መንፈቅ የትምህርት ቤት ክፍያ ወቅት ነበርና የሰፈሩ እናቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት መጥተው ያለውን ጥሬ ገንዘብ ወስደውታል። ልብስ ሰፊዋም አንዷ ናት። ትልቁ መንዛሪ ደግሞ ዱቤ የሚባል ቋንቋ አይሰማም።

ማታ እራት ላይ እህቱ ጠየቀችው። «አሻጋሪዎቹ ስንት ነው የሚቆርጡት?»

ነገራት።

«እኔ ልክፈለው።»

«የሁለት ወር ደሞዝሽ ነው እኮ።»

«ደሞዜን እኔ አውቃለሁ። እኔ ልክፈለው አልኩህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ለምንም ነገር ነው የምትከፍዪው። አንድ ዕቃ እንኳ አትገዢበትም። ሰዎቹ ሳምንት ቁጭ ብለው ስለጠበቁ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ያቅተኛል? ሥራዬ እኮ ነው።»

«ሐኪሙ ያሉትን አብረን ሰምተናል።»

«ስንት ዓመት ይዤው የኖርኩት ልብ ነው። ሰባት ቀን አይታገሠኝም?»

እህቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በክርክር ብትገፋበት አይረታትም ነበር፤ ግን ሲናገር ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል አይታ ተወችው። በማግስቱ ሐሙስ ጥር አሥር ቀን የወንድሙን ገንዘብ ከደንበኞቹ ዶላር ጋር ቀላቅሎ በአንድ ጥቅል ማውረድ ጀመረ። ክፍያው ላይ ሁሉም ተካፈለ፤ የሱ ድርሻ የአንድ ዳቦ ዋጋ እንኳ አልሞላም። ለልብስ ሰፊዋ ስልኩን አዙሮ አሳያት።

«ተመልከች። ይሄ ሁሉ ገንዘብ በዳቦ ዋጋ።»

«ጠቅላያችን ሆይ፣ ሀውልት እናቆምልሃለን» አለችው።

ዓርብ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ከመስታወቱ በስተጀርባ የተቀመጠችው ጸሐፊ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ምን ነበር?»

«የሰኞ ቀጠሮዬን በአንድ ሳምንት እንድታስተላልፊልኝ።»

አሁን ቀና አለች። «የልብ ነው እኮ ይሄ። ዶክተሩ ያውቃሉ?»

«ሥራ ላይ ናቸው አሉኝ።»

«ምክንያትህ ምንድን ነው?»

«ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው።»

«ባንክ ነው የያዘብህ?»

እንዴት ብሎ ያስረዳት። ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል። «እንደዚያ በይው» አላት። ጸሐፊዋ «በግል ምክንያት» ብላ ጽፋ ወደ ጥር ሃያ አንድ አዛወረችው። ከኋላው የቆመ፣ አባቱን በተሽከርካሪ ወንበር የያዘ ሰው አንገቱን አስግጎ «ሰኞ ክፍት ሆነ ማለት ነው?» አለ። ሆነ አለችው። ጠጋኙ ዘወር ብሎ ሽማግሌውን አያቸው፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። «ይቅናዎት አባባ» ብሏቸው ወጣ። ቀኑ ባክኖ አለመቅረቱ ደስ እንዳሰኘው ማታ ለእህቱ ነገራት። እህቱ ተነሥታ ዕቃ ታጥብ ጀመር፤ የታጠበውን ደግማ ታጥበዋለች።

ማክሰኞ ጥር አሥራ አምስት ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ ልብስ ሰፊዋ ክር ያውሳት እንደሆነ ልትጠይቀው ብቅ አለች። የተጣበቀ ስክሪን ከስልክ የሚያላቅቅባት ቀጭንና ጠንካራ ክር ነበረችው፤ ሁልጊዜ ትቀማዋለች። ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ አገኘችው። የተኛ መስሏት «ጠቅላዩ፣ መንግሥት ተኝቶ ይውላል እንዴ?» አለችው። ማጉያው መነጽር ከግንባሩ ተንሸራትቶ ወድቋል። ክንዱ ሥር ጀርባው የተከፈተ የአንዲት ተማሪ ስልክ ነበር።

ረቡዕ ተቀበረ። ከደንበኞቹ ገንዘቤን ይዞብኝ ሞተ ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጥሬ ገንዘባቸውን አስቀድመው ወስደዋል። መንገድ ላይ የነበረው ዶላር በሙሉ የሱና የወንድሙ ብቻ ነበር። ዘበኞቹ፣ አረጋውያኑ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈሉት እናቶች ሁሉ መጡ፤ ቤቱ አልበቃቸው ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አንዳንዶቹ እስከ ሁለተኛው ፎቅ።

ሐሙስ ወንድማቸው ደወለ። ልቅሶው መሀል «እህት ዓለም፣ ገንዘቡ ዛሬ ነበር የሚለቀቀው» አላት፤ ተናግሮት ወዲያው ያፈረ ይመስላል፤ «ይቅር፣ ይቅር፣ ምን ይረባናል» አለ። የስልኩ መክፈቻ አልታወቀም። ስልኩ ቢከፈትም ውስጡ ያለው የገንዘብ ቦርሳ የሚከፈተው በአሥራ ሁለት ቃላት ነው። ደንበኞቹን ሁሉ ቃላቱን ጽፋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ እያለ የሚጨቀጭቅ ሰው የራሱን የትም አልጻፈም። «ጭንቅላቴን ማን ይሰርቀዋል?» ይል ነበር። እህቱ መሳቢያዎቹን፣ የኮቶቹን ኪሶች፣ የፍራሹን ሥር፣ የመነጽሩን ማኅደር ሳይቀር በየተራ አየች። በሥራዋ እንደለመደችው አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አልሄደችም። የተጻፈ ነገር አልነበረም።

አሁንም ማንም ሰው ገብቶ ቢያየው ከዝውውሩ ግርጌ «ለመጠናቀቅ ዝግጁ» ይላል። ሌላ ሰው ከፍሎ ቢያስጨርሰው እንኳ ገንዘቡ የሚገባው እዚያው፣ ማንም ወደማይከፍተው ቦርሳ ነው። ዋናው መረብ አይሰለችም፤ እስከፈለገው ዘመን እንዲህ ይላል።

በዚያ በሞተበት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን ሳይከፍት በፊት፣ ጠጋኙ የእህቱን ጫማ ሊያመጣ መንታ መንገዱ ጥግ ወዳለው ጫማ ሰፊ ሄደ። ተረከዙ ተነቅሎ የሰጠችው ከሳምንት በፊት ነበር። ሲደርስ ከደንበኛው በርጩማ ላይ ሳይጠየቅ ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል አንተ፣ ዳገት ሮጠህ የመጣህ ትመስላለህ» አለው ጫማ ሰፊው።

«ሜዳውን ነው የሮጥኩት። ዳገቱን ለሐሙስ አስቀምጬዋለሁ። ደርሷል?»

«ደርሷል። ሶሉንም አድሼልሃለሁ» ብሎ ዋጋውን ነገረው።

«ሶሉን ማን አድስ አለህ? እኔ የሰጠሁህ ተረከዝ ነው።»

«አልቆ አገኘሁታ። እህትህ በውኃ ትሂድ?»

«የተረከዙን እከፍልሃለሁ። የሶሉን በደግነትህ ያደረግከው ነው፤ ደግነት ደግሞ አይሸጥም።»

«በጠዋቱ ስትመጣ ገና ሳይህ እንደምትከራከረኝ ማወቅ ነበረብኝ» አለ ጫማ ሰፊው። ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የሶሉን ግማሽ ማረው። ጠጋኙ ከፍሎ፣ መልሱን ተቀብሎ፣ ጥቂት አርፎ ተነሣ።

ወደ ሱቁ አልተመለሰም፤ ፍርድ ቤቱ ሩቅ ስላልነበረ እግረ መንገዱን ይዞላት ሄደ። እህቱ አቧራ የነካው ጋውኗን እንደለበሰች ወደ መተላለፊያው ወጣች። ግድግዳውን ተደግፋ አሮጌ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና አዲስ የታደሰውን አጠለቀች። ወለሉን ሁለት ጊዜ በተረከዟ መታ መታ አደረገችው።

«ጠበቀሽ?»

«ልክ ነው። ስንት ከፈልክ?»

«ከጠየቀኝ በታች» አለና ፈገግ አለ። «እስከ ማታ ውኃ አታስነኪው፤ ሙጫው አልደረቀም።»

«መልክህ ግን ዛሬ...»

«ሐሙስ ይለቀቃል፤ ሰኞ እተኛለሁ። ነግሬሻለሁ እኮ።»

ያወለቀችውን ነጠላ ጫማ ከመሬት አነሣው። አቧራውን እርስ በርስ አራግፎ በፌስታሉ ከተተውና ወደ ቤት ሊወስድላት ይዞት ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ከበሩ ኋላ፣ ሁልጊዜ በምታኖረው ቦታ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠው።